የፍሪጅ ጠጋኙ የደም ውጤት

ላብራቶሪው ቁጥር ይጽፋል፤ እሷ ደግሞ በውጤት መስጫው መስኮት ተቀምጣ ቁጥሩን ለሰው በሚገባ ቋንቋ ታስረዳለች። «ልጄ፣ ይቺ ከቁጥሩ ጎን ያለችው ኮከብ መሞቻዬ ናት?» ይሏታል እናቶች ወረቀቱን እየዘረጉ። «ኧረ እማማ! ቁጥሩ ከመደበኛው ወጣ ብሏል፣ ሐኪምዎን ያነጋግሩ ማለት ነው እንጂ» ትላቸዋለች።

የላብራቶሪውን ፍሪጅ ሊጠግን የመጣው ወጣት ልቡ የቀረው እዚያ መስኮት ላይ ነው። ፍሪጁ በአንድ ቀን ተሠርቶ አልቆ ሳለ «ድምፁ ደስ አላለኝም» እያለ አምስት ጊዜ ተመላለሰ። ፍሪጁ ምንም እንዳልሆነ ጥበቃው እንኳ ያውቃል። በስድስተኛው «ላገባሽ እፈልጋለሁ፣ አስቢበት» አላትና ሄደ።

ከዚያ የውሃ ሽታ ሆነ። ስልኩን አያነሳም። ተናደደች፣ አለቀሰች፣ «እሺ» ልትለው ቆርጣ እንደነበር ለማንም መናገር አፈረች።

በሦስተኛው ሳምንት ከስቶ መጣ።

«ምነው፣ ፍሪጁ ጮኸብህ?»

አልሳቀም። አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አቀበላት። «ከማግባቴ በፊት ልመርመር ብዬ ሌላ ክሊኒክ ሄጄ ነበር። ጉበቴ አልቋል። ያልኩሽን እርሺው፤ አስታማሚ ላደርግሽ አልፈልግም።»

«ሐኪሙ ነው እንዲህ ያለህ?»

«እሱ ጋ መች ተመለስኩ? ኢንተርኔት ላይ አንብቤ ነው።»

ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከጉበት ምርመራዎቹ አንዱ በጣም፣ አንዱ በትንሹ ከፍ ብለዋል፤ ሌላው ሁሉ ደህና ነው።

«ደም ከመስጠትህ በፊት ምን ስትሠራ ነበር?»

«ምን እሠራለሁ? በዋዜማው አንድ ትልቅ ፍሪጅ አራተኛ ፎቅ አወጣሁ። ሊፍቱ ተበላሽቶ ነበር።»

«ብቻህን?»

«ከወንድሜ ጋር። እሱ በር ይከፍት ነበር።»

ሳቋን ዋጥ አደረገች። «ስማኝ። ይሄ የጨመረው ነገር ጡንቻ ውስጥም አለ። ጡንቻ ሲጎዳ ወደ ደም ይወጣል። ከሸክሙ ሊሆን ይችላል። ሐኪሙ ጋ ሂድና ስለ ፍሪጁ ንገረው፤ አሳርፎህ ምርመራውን ያስደግምልሃል።»

«ሊሆን ይችላል ነው ወይስ ነው?»

«ነው» ብትለው ፊቱ እንደሚበራ ታውቃለች። ቃሉ አፏ ላይ ደርሶ ነበር። የምትወደውን ሰው ግን በዚያ መስኮት ልትዋሸው አልቻለችም።

«ሊሆን ይችላል» አለችው።

«እንግዲያው መልስሽን ውጤቱ እስኪመጣ አቆዪው።»

ከመስኮቱ ጠፋች። በጎን በር ወጥታ ፊቱ ቆመች።

«አላቆየውም። እሺ ብዬሃለሁ። ደህና ብትሆንም ባትሆንም አገባሃለሁ። ደግሞ ከእንግዲህ ወረቀት ደብቀህ ብቻህን ስትፈራ ባይህ፣ ዋ!»

አግዳሚው ላይ ዘፍ ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። አጠገቡ ተቀምጣ እጁን ያዘችው።

ተራ የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ አንገታቸውን አስግገው አዩአቸው።

«ውጤቱ መጥፎ ነው እንዴ፣ ልጄ?»

«ገና አልመጣም፣ አባባ» አለች፣ የልጁን እጅ ሳትለቅ።