የእማዬ ቁልፎች

ቅጭል... ቅጭል... ከዚያ ዝም።

እንደገና... ቅጭል... ቅጭል... ዝም።

መጀመሪያ የሰማሁት ይህንን ነው። ማመን አለማመን የእናንተ ነው፤ ባየሁት ላይ ግን አንዲት ቃል አልጨምርም። 1794፣ ነሐሴ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ማሳቹሴትስ ውስጥ፣ ወንዙ ዳር ያለው እርሻችን። ፀሐይዋ ወለሉን ታቃጥላለች።

እኔ እንደ ልማዴ ፎቅ ላይ መጽሐፍ ዘርግቼ፣ ሳላነብ ተቀምጫለሁ።

ድምፁን አውቀዋለሁ... የእማዬ ቁልፎች ናቸው።

እማዬ ግራ እግሯን ትጎትት ነበር። ወገቧ ላይ ያሉት ቁልፎች ሁለቴ ያቃጭላሉ፣ ከዚያ እግሯን ጎትታ እስክታደርስ ዝም ይላሉ።

እማዬ ከሞተች ሦስት ወሯ ነው።

በእኛ ዘንድ ሙሽራ የቤት እመቤት የምትባለው አማቷ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ወገቧ ላይ ስታስርላት ነው። እማዬ ሚስቴን ጣቢታን "ገና ነሽ" እያለች ዓመት ሙሉ አቆየቻት። ልትሞት ስትል ደግሞ እጄን ያዘች።

"በገዛ እጄ ነው የምሰጣት... አንተ እንዳትሰጣት። ማልልኝ።"

ማልኩላት። በማግስቱ ሞተች።

እንግዲህ ምን ላድርግ? ቁልፎቹን መሳቢያዬ ውስጥ ቆለፍኩባቸው። ዱቄት ሲፈለግ እኔ፣ ሻማ ሲፈለግ እኔ። ጣቢታ በገዛ ቤቷ ለማኝ ሆነች። በሁለቱ መሃል ተጣብቄ ቀረሁ፤ አንዷ መቃብር ውስጥ፣ አንዷ ደጃፌ ላይ።

የዚያን ዕለት ጠዋትም ጣቢታ መጥታ ደጃፌ ላይ ቆማ ነበር።

"ኤልካና፣ ስኳር።"

"መጣሁ።"

"የሞተ ሰው ስኳር አይልስም። ለማን ነው የምትጠብቀው?"

"ምያለሁ እኮ ጣቢታ..."

"እንግዲያው መሐላህን ጋግረህ ብላ። እስከ ማታ ቁልፉን ካልሰጠኸኝ አባቴ ቤት እገባለሁ። ቀልዴን እንዳይመስልህ።"

ቅጭል... ቅጭል... ዝም።

አሁን ከደረጃው ሥር ነው።

ጣቢታ ቁልፎቹን ሰርቃኛለች ብዬ ነደደኝ። መሳቢያውን ከፈትኩ።

ቁልፎቹ አሉ።

ግን በዚያ ሙቀት... እንደ በረዶ ቀዝቅዘዋል። ቀለበታቸው ላይ እርጥብ አፈር ተጣብቋል።

ይዣቸው ወረድኩ። መሐላውም ይቅር፣ ብቻ ሚስቴ አትሂድብኝ።

የዕቃ ቤቱ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ጣቢታ ጀርባዋን ሰጥታኝ ውስጥ ቆማለች። እንደ ድንጋይ የጠጠረው ድፍን ስኳር ተቆርጦ ተደርድሯል... ልክ እማዬ ትቆርጠው እንደነበረው፣ ጥፍር ጥፍር የሚያክል።

"ማን ከፈተልሽ?" አልኳት በሹክሹክታ።

ቁልፎቹን ዘረጋሁላት።

"እንኪ... ያንቺ ናቸው። በቃ፣ ተሸነፍኩ።"

ዞረች። ቁልፎቹን አየች። እኔን አየች።

"ዘገየህ" አለች ቀስ ብላ። "ተሰጥቶኛል።"

"ማን ሰጠሽ?"

ኮፍያዋን ከሚስማሩ አውርዳ አገጯ ሥር አሰረች። በጓሮ በር ወጣች። ወገቧ ላይ ምንም የለም።

"ጣቢታ... ወዴት ነው?"

ዞር እንኳ አላለችም።

ቁልፎቹን እንዳይንቀሳቀሱ በሁለት እጄ ጨብጬ በሩ ላይ ቀረሁ።

ጣቢታ በፖም ዛፎቹ መሃል ወደ መንገዱ ወረደች... ግራ እግሯን እየጎተተች።

ቅጭል... ቅጭል... ዝም።