የማቀዝቀዣው ጀርባ

«ስንት ይላል?» አለ የጎረቤቷ ልጅ ይርሳው።

አምሳለች ቴርሞሜትሩን ከማቀዝቀዣው አውጥታ ወደ መስኮቱ አስጠጋችው፤ ዓይኗን አሸት አሸት አድርጋ ደግማ አየችው። አሥራ ስድስት! ከስምንት ዲግሪ መብለጥ የሌለበት ነገር አሥራ ስድስት ገብቷል።

«ጉድ ፈላ!» አለች።

ማቀዝቀዣው በላምባ የሚሠራ ነው። የሞጣ ክሊኒክ ጣሪያው እስኪጠገን ድረስ የክሊኒኩ አካሚ በሆነው በአባቷ በድሬሰር ገላው ቤት ተቀምጧል። ከሥሩ እሳት እየነደደ ሆዱ ይቀዘቅዛል ሲባል የሰፈሩ ሰው ስቆ ሊሞት ነበር። «በእሳት ማቀዝቀዝማ የሰይጣን ሥራ ነው» ያሉም አልጠፉ። ያም ሆኖ ሠርቷል፤ እስከ እሑድ ድረስ አምስት ላይ ቀጥ ብሎ ከርሟል።

እሑድ ጠዋት አባቷ በቅሎ ጭኖ ወደ ገጠር ወጣ። የኩፍኝ ክትባት ሐሙስ ከደብረ ማርቆስ ስለሚመጣ እናቶች ዓርብ ልጆቻቸውን አዝለው እንዲመጡ ሊነግር ነው። ላምባ መሙላቱን፣ ክሩን ማጽዳቱንና ጠዋት ማታ ቁጥሩን በደብተር መጻፉን ለአምሳለች ተወላት። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ናት፤ በትምህርት ቤቱ በሳይንስ የሚችላት የለም፤ አባቷም ይህን ያውቃል። አሁን ግን ደብተሩ ላይ ሰኞ ዘጠኝ፣ ማክሰኞ አሥራ ሦስት፣ ዛሬ ረቡዕ ደግሞ ይኸው። የክትባቱ ተቆጣጣሪ አቶ ወልደ ኪዳን ነገ ቁጥሩን አይተው ካልጣማቸው ክትባቱን አንድም ሳያወርዱ ወደ ቢቸና ይዘውት ያልፋሉ። ዓርብ የሚመጡት እናቶች ባዶ እጃቸውን ሊመለሱ ነው።

«ስሚ» አለ ይርሳው ድምፁን ቀነስ አድርጎ። «ነገ ሰውዬው ሲመጡ ቴርሞሜትሩን ከምንጭ በቀዳነው ውኃ ነክረን እንሰጣቸዋለን። ደብተሩን ደግሞ አዲስ ትጽፊያለሽ። ማን ያውቃል?»

«ክትባቱ ከሞቀ እኮ ከውኃ አይሻልም! ልጆቹን በውኃ እንውጋቸው?»

«ታዲያ ለቢቸናዎች እንስጣቸው?» ይርሳው ጮኸ። «አገሬን ረሳሻት?»

አምሳለች አልረሳቻትም። አገሬ የይርሳው ታናሽ እህት ነበረች። አምና ኩፍኝ ገብቶ ሲወስዳት ሦስት ዓመቷ ነበር። የሰፈሩ እናቶች «ኩፍኝ ሳይወጣለት ልጅ አይቆጠርም» የሚሉት ወደው አይደለም።

ይርሳው ፊቱን አዙሮ ማቀዝቀዣው ላይ የተጣለውን መጋረጃ በመዳፉ ተደገፈና ወዲያው እጁን ነጠቀ።

«ውይ! ይሄ ነገር ከኋላው ይፈጃል!»

መጋረጃውን የሰቀለችው እናቷ ወይዘሮ በዛብሽ ናት። እሑድ የማርያም ማኅበር ተራዋ ደርሶ ቤቱ በሰው ሲሞላ፣ የማቀዝቀዣው ጥቁር ጀርባና ጥላሸታም ቧንቧ አሳፈራት። ጥግ አስገፍታ ከግድግዳ አጣበቀችው፤ ከላይ እስከ ታች ባለ አበባ ጥልፍ መጋረጃዋን አለበሰችው። ማኅበርተኛው ሁሉ «እንደ ሙሽራ አጌጠ» ብሎ አድንቆላታል።

እሑድ! አምሳለች ደብተሩን ገለጠች። እሑድ ጠዋት አምስት፤ ከዚያ ወዲህ ሽቅብ። መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ እጇን ወደ ኋላ ሰደደች፤ የታፈነ ወበቅ ፊቷን መታት።

«ይርሳው፣ ይሄ ማሽን ብርድ አይሠራም ማለት ነው! ሆዱ ውስጥ ያለውን ሙቀት እየለቀመ በጀርባው ነው የሚጥለው። እኛ ደግሞ መጣያውን ደፈንንበት። ና፣ ግፋ!»

«ምን እያደረጋችሁ ነው?» እናቷ ከጓዳ ብቅ አለች። «አንቺ ልጅ! ገመናውን ልትገልጪው? ሰው ምን ይለኛል?»

«እማዬ፣ ታፍኖ እኮ ነው። ያንቺ ጥልፍ ነው ያፈነው።»

ወይዘሮ በዛብሽ ተቆጣች። ለጥልፉ አንድ ክረምት ሙሉ ዓይኗን አፍስሳለታለች። ግን ይርሳውን አየችው፤ አገሬንም በእጇ ገንዛታለች። ጥልፏን ራሷ አወረደችና እጅጌዋን ሰብስባ ከልጆቹ ጋር መግፋት ጀመረች። መሐል ቤት አምጥተው ጀርባውን ወደ መስኮቱ አዞሩት፤ መስኮቱንም ከፈቱት። የቆርቆሮው ቤት እንኳ ተነፈሰ።

ማታ ቁጥሩ ወደ አሥራ አንድ ወረደ። ሐሙስ ጎህ ሲቀድ አምሳለች ቴርሞሜትሩን አወጣች።

«አምስት! እማዬ፣ አምስት!»

የወይዘሮ በዛብሽ እልልታ ሰፈሩን ቀሰቀሰው። ጎረቤት «ማን ወለደ?» እያለ ሮጠ። ይርሳው ግቢው ውስጥ እየዘለለ እስክስታ ወረደ፤ ድሬሰር ገላው በቅሎውን እየሳበ ሲደርስም ቤቱ ሠርግ መስሎ ጠበቀው።

እኩለ ቀን ላይ የተቆጣጣሪው ላንድሮቨር መኪና መጣ። አቶ ወልደ ኪዳን ቴርሞሜትሩን አይተው ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ፤ ደብተሩን ሲገልጡ ግን ፊታቸው ተኮሳተረ።

«አሥራ ስድስት? ይህን የጻፈ ማን ነው?»

«እኔ ነኝ ጌታዬ። ትናንት አሥራ ስድስት ነበር።» አምሳለች ስለ ማኅበሩ፣ ስለ ጥልፉ፣ ስለ ጀርባው አንድም ሳታስቀር ነገረቻቸው። እናቷ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች።

ሰውዬው ደብተሩን ዘግተው ሳቃቸውን ለቀቁት። «በየሄድኩበት ደብተሩ አምስት አምስት ብቻ ነው፤ አንዱንም አላምነውም። ይሄን ግን አምኜዋለሁ። ሣጥኖቹን አውርዱ!»

እናቶቹ ክትባቱ መግባቱን ከነገ በፊት እንዲሰሙ ሰው ተላከ። ሣጥኖቹ ሲገቡ አቶ ወልደ ኪዳን ወደ አባቷ ጠጋ ብለው፣ «የቢቸናው ማቀዝቀዣም እምቢ ብሏል» አሉ። «ዛሬ ካልቀዘቀዘ ድርሻቸውን ለእናንተ ጨምሬ እመለሳለሁ። ምን ነክቶት እንደሆነ የሚያውቅ የለም።»

ይርሳው የአምሳለችን ክንድ ጎተተ። «ዝም በይ! ለእኛ ይተርፋል፤ ለዘንድሮም ለከርሞም!»

አምሳለች ዞር ብላ አየችው። «እዚያስ አገሬዎች የሉም?»

ይርሳው አንገቱን ደፋ። እግሩ ሥር ያለውን ጠጠር ሁለት ሦስት ጊዜ መታ መታ አደረገ። ከዚያ ሄዶ የላንድሮቨሩን በር ከፈተና ይዞላት ቆመ።

«እማዬ፣» አለች አምሳለች፣ «ነጠላዬን አቀብይኝ፤ የቢቸናውን ጀርባ ሄጄ ልየው።»