ግማሽ ሰዓት በእንፋሎት

«ለስንት ደቂቃ ነው በእንፋሎት የሚበስለው?»

ጥያቄው የመጣው በሹዪን ስልክ ነው። እሷና አያቷ የሚሸጡት ሥዕል እንጂ ምግብ አልነበረም። እጇ እስከ አንጓዋ ድረስ ቀይ ቀለም ስለነካው ስልኩን የያዘችላት የክፍል ጓደኛዋ ዌንቺ ነበረች። መልእክቱን ያነበበችላትም እሷው ናት።

«ሴትዮዋ ቁጥር ተሳስታለች» አለች ዌንቺ። «ለምግብ ቤት የጻፈች መስሏታል። ምን ልበላት?»

«ተያት።»

ዌንቺ ግን ለቀልድ የሚሆን ነገር አግኝታ የምትተው ልጅ አይደለችም። ሹዪን ዘወር ብላ ብሩሹን እስክታጥብ ድረስ «ግማሽ ሰዓት። ክዳኑን እንዳይከፍቱት፣ ጣዕሙ ይወጣል» ብላ ጽፋ ላከችው። ከዚያ ጉሮሮዋን ጠርጋ እንደ ዜና አንባቢ አነበበችላት። ሹዪን ልትቆጣት አስባ ነበር፤ ሳቋ ቀደማት።

የሹዪን አያት ሽማግሌው ሉዎ የሚያትሙት የበር ጠባቂዎችን ነው። በቻይናውያን ዘመን መለወጫ ዋዜማ በየቤቱ በር ላይ፣ በግራና በቀኝ የሚለጠፉትን፣ ዓይናቸው የፈጠጠ፣ ጢማቸው የተንዠረገገ ሁለት ጦረኞች። መስመሩን ከተቀረጸ እንጨት ላይ በጥቁር ያትሙና ፊቱን፣ ጢሙን፣ የጦር ልብሱን አንድ በአንድ በእጃቸው ይቀባሉ። በከተማቸው በሚየንዡ ገበያ ድሮ ሰው ተሰልፎ ይገዛቸው ነበር። አሁን የከተማው ሰው የሚያብረቀርቀውን የፋብሪካ ወረቀት ገዝቶ ይሄዳል።

በትልቁ ከተማ በቼንግዱ የሚኖረው አጎቷ በደወለ ቁጥር ወሬው አንድ ነው። ፎቁ ላይ ለአባቱ ክፍል አዘጋጅቶላቸዋል፤ ማሞቂያ አለው፤ ማንም ለማይገዛው ሥዕል በዚያ ብርድ ቤት ጣታቸውን ለምን ያደነዝዛሉ? ሹዪን በኢንተርኔት ትንሽ ሱቅ ከከፈተችላቸው በኋላ ግን ከሩቅ አገር ሰው ማዘዝ ጀመረ። አጎቷ ይህንንም አላመነበትም። ወረቀት መንገድ ላይ ይቀደዳል፣ ከዚያ ሰው ገንዘቤን መልሱ ይላል አለ። ያን ጊዜ ሽማግሌው ደማቸው ፈላና ተወራረዱ። እስከ በዓሉ የሚላከው ሁሉ ያለ አንዲት ቅሬታ ከደረሰ ልጃቸው ስለ ክፍሉ ዳግመኛ አያነሳም። አንዲት ቅሬታ ከመጣች ግን ሻንጣቸውን ይዘው ይሄዳሉ።

ቃላቸውን የሚያጥፉ ሰው አይደሉም። እሳቸው ከሄዱ ደግሞ ቤቱ ይዘጋል። የሹዪን ወላጆች የሚሠሩት ደቡብ ጠረፍ ካለ ፋብሪካ ስለሆነ፣ እሷ የትምህርት ቤቱ አዳሪ ክፍል መግባቷ ነው። ስምንት ሴት ልጆች፣ አንድ መስኮት፣ የማይደርቅ ካልሲ።

ስለዚህ ሁለቱም ለአስተሻሸጉ ነፍሳቸውን ሰጡ። ችግሩ ሽማግሌው ሕግ ነበራቸው። ጠባቂ አይታጠፍም፤ ከታጠፈ ወገቡ ተሰበረ ማለት ነው። ሁለቱ ጀርባ ለጀርባ ተሰጣጥተው አይጠቀለሉም፤ የሚለጠፉበት ቤት ጠብ ይገባዋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ተዘቅዝቀው አይሄዱም። «ራሱ ዞሮበት የደረሰ ዘበኛ ምን ይጠብቃል?» ይላሉ።

መጀመሪያ በካርቶን ቱቦ ሞከሩ። የዕቃ መላኪያ ሱቅ ያላት እትዬ ዦው መኪናው ላይ የብርቱካን ሳጥን ሲጫንበት ምን እንደሚሆን በመዳፏ ጨፍልቃ አሳየቻቸው። በሁለት ጣውላ መካከል ዘርግተው ሲያመጡላት በሜትር ለካችና የመላኪያውን ዋጋ ነገረቻቸው፤ ከሥዕሉ ዋጋ ይበልጥ ነበር። ዌንቺ የፕላስቲክ የውሃ ቧንቧ ቆርጠን እንጠቀም አለች። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ሽማግሌው ግን ጦረኞቻቸውን በሽንት ቤት ቧንቧ እንደማይልኩ በትሕትና ነገሯት።

መፍትሔው ከጓሯቸው ተገኘ፤ ቀርከሃ። ጠንካራ ነው፣ ቀላል ነው፣ በነፃ ነው። ጭስ ላይ ከርሞ የደረቀውን መርጠው ቆረጡ፣ የውስጡን ቋጠሮ በብረት ዘንግ ሰብረው አወጡ፣ ጥንዶቹን ፊት ለፊት አድርገው በዘይት ወረቀት ጠቀለሏቸው፣ አፉን በእንጨት ውታፍ ደፈኑት። ሽማግሌው ለውበት ብለው ውታፉን በቀርከሃ ቅጠል ሸፈኑና በቀይ ክር አሰሩት። ሹዪን ደግሞ ቀይ ወረቀት ቆርጣ «ከሉዎ ቤት። አቁመው ያስቀምጡ» ብላ ስልክ ቁጥሯን ጻፈችበት። በጣም ያምር ነበር።

ያ ሁሉ ሲሆን አንዳቸውም ያላስተዋሉት ነገር አለ። በዓል ሲቃረብ በቅጠል ተደፍኖ፣ በቀይ ክር ታስሮ ከዘመድ ቤት የሚመጣ ቀርከሃ ውስጡ ያለው በእንፋሎት የሚበስል ሩዝ ነው። ይህን ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቀዋል። ሹዪንም ታውቅ ነበር፤ የቀርከሃ ሩዝ ነፍሷ ነው። ግን የራስን ዕቃ እንደ ሌላ ሰው ሆኖ ማየት ከባድ ነው።

ዌንቺ «ግማሽ ሰዓት» ብላ በላከች ማግሥት ከትምህርት ቤት ሲመለሱ አንድ ፎቶ መጣ። የእንፋሎት ማብሰያ፣ በውስጡ ደም የመሰለ ውሃ፣ መካከሉ ላይ የተሰነጠቀ ቀርከሃ። ከስንጥቁ አንድ ትልቅ ዓይን አፍጥጦ ያያል። ከሥሩ እንዲህ ተጽፏል፦ «ልጄ፣ ግማሽ ሰዓት ብላችሁኝ ነበር። የልጄ አማቶች ቾፕስቲክ ይዘው ሲጠብቁ ከፈትኩት። ወይዘሮ ጋዎ ነኝ።»

ነገሩ ተገለጠላቸው። ሥዕሉን ያዘዘችው የወይዘሮ ጋዎ ልጅ ናት፤ ለእናቷ ስጦታ እንዲሆን በቀጥታ አስልካለች። እናትየዋ ምን እንደመጣላት የነገራት ሰው የለም።

«ተበላን» አለች ዌንቺ።

ሹዪን አልሳቀችም። ዌንቺም ፊቷን አየችና ሳቋን ዋጠች። ከዚያ በፍጥነት ማሰብ ጀመረች፤ ጥፋት ስትሠራ ጭንቅላቷ በጣም ይሠራል። መልእክቱን እናጥፋው። እትዬ ዦው ሱቅ ውስጥ መለያ ወረቀት ተቀያየረ እንበል፤ የሌላ ሰው ሩዝ ላይ የእኛ ቁጥር ተለጠፈ። ማን ያጣራል?

«እትዬ ዦው ላይ?»

«ምን ትሆናለች? እሷ አያት የላት፣ ውርርድ የላት። አንቺ ግን አዳሪ ልትገቢ ነው።»

እትዬ ዦው ቀርከሃዎቹን እንዳይዘቀዘቁ ብላ የራሷን ወንበር ለቃላቸው፣ ቀኑን ሙሉ ቆማ ዕቃ ስትመዝን ሹዪን በዓይኗ አይታለች። ስልኩን ከዌንቺ እጅ ተቀበለችና ለወይዘሮ ጋዎ ደወለች። ግማሽ ሰዓቱ ከእነሱ እንደመጣ፣ ውስጡ ያለውን ያልጻፈችው ራሷ እንደሆነች ተናገረች።

«እና ውሃውን አበባ ላይ ባፈስሰው ይጎዳል?» አሉ ወይዘሮ ጋዎ።

ወደ ቤት ሲገቡ ሽማግሌው ሉዎ በአንድ እጃቸው ብሩሽ፣ በሌላው ስልክ ይዘው ከልጃቸው ጋር ያወራሉ። አንድም ቅሬታ እንዳልመጣ በኩራት እየነገሩት ነበር። «እንዲያውም ላኪዋ መጣችልህ፣ ራሷን ጠይቃት» ብለው ድምጹን ከፍ አደረጉና ወደ ሹዪን ዘረጉላት። ዌንቺ ከሽማግሌው ጀርባ ቆማ አንገቷን ወደ ግራና ቀኝ ትነቀንቃለች።

«እሺ ሹዪን፣ ሁሉም በሰላም ደረሰ?» አለ አጎቷ።

ሹዪን አያቷን አየች። ጢማቸው ጫፍ ላይ ሰማያዊ ቀለም ነክቷቸዋል።

«አንዱ በስሏል፣ ጋሼ።»

«ምን ሆኗል?»

«በእንፋሎት በስሏል።»

ከዚያ ሁሉንም ተናገረች። የሽማግሌው ብሩሽ አየር ላይ ቆመ።

«ጢሙ የለቀቀው የትኛው ነው?» አሉ።

«የግራው፣ አባባ።»

«ድሮም እሱ አይጸናም ነበር።» ተነሡ። በዚያ እርጥብ ብርድ አዲስ ቢቀቡ ለበዓሉ አይደርቅም። ግድግዳው ላይ የቀረው አንድ ጥንድ ብቻ ነው፤ ለራሳቸው በር፣ ከዓመቱ ሥራ ሁሉ መርጠው ያስቀመጡት። አወረዱትና ለወይዘሮ ጋዎ እንድትልከው ለሹዪን ሰጧት። ስልኩንም አፋቸው አጠገብ አድርገው «ቅሬታ ነው፣ ልጄ። ከበዓሉ በኋላ መኪናህን ይዘህ ና» አሉ።

ሹዪን ጥንዶቹን ፊት ለፊት አድርጋ ጠቀለለቻቸው። የመለያውን ወረቀት ልጻፍ ብላ የለመነችው ዌንቺ ነበረች። በትልልቁ «ሥዕል ነው። አይበላም። አይቀቀልም» ብላ ጻፈች፤ ትንሽ አሰበችና «አይጠበስም» ጨመረች።

አጎቷ በዓሉ ካለፈ በኋላ መጣ። በሩ ላይ ለረጅም ጊዜ ቆመ። የአምናዎቹ ጠባቂዎች እንደተለጠፉ ናቸው፤ ቀለማቸው ለቋል፣ የአንዱን ዓይን ዝናብ ወስዶታል። «አዲሶቹስ?» አለ።

«ሥራ ሄደዋል» አሉ ሽማግሌው። ሻንጣቸው ደጃፉ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር።

ሹዪን ስልኳን ሰጠችው። ወይዘሮ ጋዎ የበራቸውን ፎቶ ልከዋል። ከሥሩ የልጃቸው አማቶች ያንኑ እንደሚፈልጉ፣ ለቀጣዩ ዓመት ከወዲሁ እንዳዘዙ ጽፈዋል፤ ያልበሰለውን። ከዚያ በታች የአማቶቹ ጎረቤቶች ትእዛዝ ነበር። አጎቷ እያነበበ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሲስቅ ድምፅ የለውም። ቀና ብሎ ግድግዳውን የተደገፉትን፣ ለአዲሶቹ ገዢዎች ደርቀው የታሸጉትን ቀርከሃዎች አየ።

«ቼንግዱ የሚሄዱት የትኞቹ ናቸው?» አለ። «እኔ ልውሰዳቸው። የመላኪያው ይቀርላችኋል።»

ሽማግሌው ተከትለውት ወጥተው አንድም ሕግ ሳያስቀሩ ነገሩት። አጎቷም ለአባቱ ብሎ ባዶ ባመጣው የመኪና ወንበር ላይ ቀርከሃዎቹን አቆማቸው፤ ራሳቸው ወደ ላይ፣ የደኅንነት ቀበቶ ታስረው። ከዚያ ሻንጣውን አንሥቶ ወደ ቤት መለሰው።

መኪናው በቀርከሃው ደን መካከል አልፎ ታጠፈ። ጠባቂዎቹ ሄዱ፤ አያቷ ቀሩ።