ሠላሳ ሰባት ዲግሪ

አንብባችሁ ስትጨርሱ «ፈጠራ ነው» የምትሉ አትጠፉም። በሉ። እኔ ግን እጄ ነበረበት... ጣቴ ነበረበት።

ማሴሩ ከተማ፣ እኛ ጋ ብርዱ የሚበረታበት ሐምሌ ወር፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ሌሊት አልነበረም። ፀሐይ በመስኮት ገብታ ወለሉ ላይ ተኝታለች። ተራራው ግን በረዶ ለብሶ ብርዱ አጥንት ይሰብራል።

ኬኔዌ እባላለሁ። የተበላሸ ኦቭን እጠግናለሁ። ማንም አላስተማረኝም። ሰው የጣለውን እያነሳሁ፣ እየፈታሁ፣ ኤሌክትሪክ እያንዘረዘረኝ ነው የለመድኩት። ኦቭን ሲታመም ቁጥር ይጽፋል። ሌላው ባለሙያ ቁጥሩን አይቶ ራሱን ያካል። እኔ አነበዋለሁ።

በሩን የከፈቱልኝ ማሌሃና ናቸው። ስድሳ ያለፋቸው፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት። ወፍራም ብርድ ልብሳቸውን ደረታቸው ላይ በመርፌ ቁልፍ ይዘውታል።

ማሌሃና ማለት የሌሃና እናት ማለት ነው። እኛ ጋ ሙሽራ ገና በሠርጓ ሰሞን፣ ወደፊት በምትወልደው ልጅ ስም አማቶቿ ይጠሯታል። ልጁ ሳይመጣ ስሙ ይመጣል።

ሌሃና ግን አልመጣም። ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። ባላቸው ሞቱ፣ አማቶቻቸው ሞቱ... ስሙ ብቻ ከእሳቸው ጋር ቀረ።

«ሴት ነው እንዴ የላኩልኝ?» አሉ፣ ከላይ እስከ ታች እያዩኝ።

«ከእኔ በፊት ወንድ ባለሙያ መጥቶ አልነበር? ምን ሠራልዎት?»

«ሮጠ።»

«እኔ ቀሚስ ለብሻለሁ፤ ለሩጫ አይመቸኝም።»

አልሳቁም። ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ።

«ቀስ ብለሽ አውሪ... ይደነግጥብኛል።»

«ማን?»

«ጩኸቱ እንቅልፍ ነስቶኛል። ዝም ብቻ አሰኚልኝ። ሙቀቱን እንዳትነኪ፣ ልጄ። ከበረደው ይሞትብኛል።»

ብቸኝነት ያናወዛቸው አሮጊት ናቸው ብዬ አለፍኩት።

ወጥ ቤቱ ውስጥ ኦቭኑ ቲት... ቲት... ይላል። መስታወቱ ከውስጥ በላበት ተሸፍኖ ምንም አያሳይም። ሁለት ቁጥሮች ይፈራረቃሉ።

ኤፍ ዘጠኝ። በሩ ተቆልፏል።

ኤፍ ሦስት። ማንም ሳያዘው ውስጡ ሞቋል።

«መቼ ነው ያበሩት?»

«አላበራሁትም።»

ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው። ሶኬቱን ነቀልኩ።

ቲት... ቲት...

ገመዱ እጄ ላይ ነው። ቁጥሮቹ እንደበሩ ናቸው።

«የተጠራቀመ ኤሌክትሪክ ነው» አልኩ። ለእሳቸው ሳይሆን ለራሴ።

ኦቭኑን ከግድግዳው ስቤ የጀርባውን ቆርቆሮ ፈታሁ። ሙቀት የሚለካውን ዘንግ በቴስተር ለካሁት።

ሠላሳ ሰባት ዲግሪ።

ሠላሳ ሰባት ዳቦ አይጋግርም። ውሃ አያፈላም። ሠላሳ ሰባት... የሰው ገላ ነው።

«ዘንጉ ተበላሽቷል። እቀይረዋለሁ።»

«እንዳትከፍቺበት!»

«በሩን አልነካውም፣ እማማ። ጣት የምታህል ቀዳዳ ናት።»

ዘንጉን መዘዝኩት። ከቀዳዳዋ የወጣው አየር ሞቃት ነበር... እርጥብ። የተቃጠለ ዘይት አይሸትም። ወተት ወተት ይላል።

ትንሿን ጣቴን ሰደድኩ። የጠበቅኩት ብረት ነበር።

ለስላሳ ነገር ጣቴን ከበበው።

ከዚያ... ጠባኝ።

መጮሄን አላስታውስም። ጣቴን መንጭቄ አወጣሁት። አዲሱን ዘንግ ሰካሁና ቴስተሩን አያያዝኩ።

ሠላሳ ስድስት።

ገና ከእሽጉ መውጣቱ ነው። አይዋሽም።

ሠላሳ አምስት።

ቲት የሚለው ድምፅ ሳሳ... ተጎተተ... ለካ መጀመሪያም ቲት አልነበረም። ልቅሶ ነበር።

«ምን አደረግሽው?» አሉ ማሌሃና በሹክሹክታ።

«ምንም... ምንም አላደረግኩትም።»

«በረደው እኮ! አሙቂልኝ!»

ሶኬቱን መልሼ ሰካሁት። ማዞሪያውን እስከ ጥግ አዞርኩት። አይሞቅም። ሽቦውን አየሁ፣ ደህና ነው። ፊውዙን አየሁ፣ ደህና ነው። የማሞቂያውን ብረት ለካሁ፣ እሱም ደህና ነው። የማውቀውን ሁሉ አደረግኩ። ሁሉም ደህና ነው፤ ምንም አይሠራም።

ሠላሳ ሦስት።

«ባለሙያ አይደለሽም እንዴ?»

ስድብ አይደለም። ልመና ነው።

«አልቻልኩም፣ እማማ።»

ይህን ቃል ለማንም ብዬው አላውቅም።

ትንሽ አዩኝ። ከዚያ ብርድ ልብሳቸውን ፈተው ኦቭኑ ላይ ጣሉት። ተንበረከኩ። ደረታቸውን በሩ ላይ ለጥፈው በሁለት እጃቸው አቀፉት።

«እዚህ ነኝ... እዚሁ ነኝ፣ የኔ ጌታ።»

ቴስተሩን አየሁ።

ሠላሳ አራት... ሠላሳ አምስት።

«እማማ፣ ይነሱ።»

ትከሻቸውን ያዝኩ። ቆርቆሮ የነካሁ መሰለኝ። አሁን የሚቀዘቅዙት እሳቸው ናቸው።

«እማማ ይልቀቁት! በፈጠረዎት!»

ጎተትኳቸው። ባለ በሌለ ኃይሌ ጎተትኳቸው። ኦቭኑ ራሱ ወለሉን እየፋቀ ተንቀሳቀሰ... እጃቸው ግን አልለቀቀም።

«እሽሽ...» አሉ። «ሞቀ እኮ። አታይም እንዴ... ሞቀ።»

ከብርዱ የተነሳ ትንፋሼ ከአፌ እንደ ጭስ ይወጣል። እሳቸው ሲናገሩ ግን ምንም አይወጣም።

ሠላሳ ሰባት።

ልቅሶው ቆመ። ቁጥሮቹ ጠፉ። አንገታቸው ቀስ ብሎ ወደ ጎን ዘመመ።

«እማማ?»

ቀጭ... አለ ቁልፉ።

የኦቭኑ በር ገላቸውን ገፋ አድርጎ በጣት ስፋት ተከፈተ። ውስጡ ጨለማ ነው።

ከስንጥቁ ነጭ ትንፋሽ ወጣ።

ቆመ።

እንደገና ወጣ...