ያልተዘጋው ክብ

«እማ፣ መምህሩ አዳራሹ ውስጥ ደረጃ ሥር ሞተው ተገኙ። መጨረሻ አብሬያቸው የነበርኩት እኔ ነኝ።»

ልጇ በስልክ ይህን ስትላት እናትየዋ አልጮኸችም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል እያለች ነው ያሳደገቻት። ሹራብ፣ የጥርስ ብሩሽና ሁለት ጥንድ ካልሲ በፌስታል ቋጠረች፤ እስር ቤት ይበርዳል። ከዚያ ደርቃ ቁጭ አለች።

በማግስቱ ጠዋት የሰማይ ትርኢት በሚታይበት አዳራሽ እናትና ልጅ፣ የሟቹ ታናሽ ወንድምና ቴክኒሻኑ ተሰበሰቡ። ባልደረቦቿ «መርፌዋ» የሚሏት መርማሪ ፊታቸው ቆማለች። ስክሪኑን ከትናንት ጀምሮ የነካው የለም፤ ጁፒተር መሃል ላይ፣ አራት ጨረቃዎች ዙሪያውን ባሉበት ቆመዋል።

እናትየዋ አላስችል አላት። «ልጄን የት ልትወስዷት ነው?»

«እናቴ፣ ፌስታሉን ያስቀምጡትና ይቀመጡ» አለች መርማሪዋ። ወደ ልጅቷ ዞረች። «ትናንት ከመምህሩ ጋር ምን ስትሠሩ ነበር?»

«የጨረቃዎቹን ምህዋር። በፕሮግራሙ እያንዳንዷ ጨረቃ የሄደችበትን መንገድ እያሰመረች ትሄዳለች። የድሮውን መስመር አጥፍቼ፣ እንደ አዲስ አስጀምሬላቸው ወጣሁ።»

«ዘበኛው ዘጠኝ ሰዓት ላይ መውጣትሽን መዝግቧል። አልተመለስሽም።» ቴክኒሻኑን አየችው። «አንተስ?»

«የጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ። ከስምንት ተኩል እስከ ዐሥር አፌን እንደከፈትኩ ነው የዋልኩት። ምስክር ካስፈለገ የተነቀለው ጥርሴ አለ።»



ወንድምየው ብድግ አለ። «እኔ ዐሥር ሰዓት ላይ በዋናው በር ገባሁ። እንደ ወትሮው ጨረቃዎቹ ይዞራሉ፤ እየሠራ መሰለኝ። ዞር ስል ወድቋል። ምንም ሳልነካ ፖሊስ ጠራሁ። ትናንት ጠዋት ግን ከዚህች ልጅ ጋር ሲጨቃጨቅ ሰምቻለሁ።»

በቃ፣ አለች እናትየዋ በሆዷ። ፌስታሉን መልሳ አነሳች።

«በምን ተጨቃጨቃችሁ?»

«በትርኢቱ አዘጋጆች ዝርዝር ላይ ስሜን ከፊት ሊጽፉ ነበር። ይቅርብኝ አልኳቸው፤ እምቢ አሉ» አለች ልጅቷ።

«ከፊት የነበረው የማን ስም ነው?»

ልጅቷ አቀረቀረች። «የጋሼ» አለች፤ ወንድምየውን ማለቷ ነው።

መርማሪዋ ቴክኒሻኑን «መምህሩ ሰው ሲመጣባቸው ስክሪኑን ምን ያደርጉታል?» አለችው።

«ያቆሙታል። ጨረቃ እየዞረች ወሬ አይሆንልኝም ይላሉ። ለሰላምታ እንኳን!»

«ይኸውላችሁ» አለች መርማሪዋ። «ፕሮግራሙ የተጀመረበት ሰዓት ጥጉ ላይ ተጽፏል፤ ስምንት ከሃምሳ ስምንት። እዚህ አንዱ ደቂቃ በሰማይ እንደ ስድስት ሰዓት ነው። ከዳር ያለችው የመጨረሻዋ ጨረቃ ዙሯን የምትጨርሰው በስልሳ ሰባት ደቂቃ ነው። መስመሯን እዩት፤ ግማሽ ክብ። ስለዚህ መምህሩ ያቆሙት ዘጠኝ ከሠላሳ አንድ ላይ ነው። ሰው ገባባቸው። ልጅቷ ከወጣች ግማሽ ሰዓት አልፏል።»

«ሌላ ሰው ይሆናላ!» አለ ወንድምየው።

«ሌላ ሰው ቢሆን፣ እርስዎ ዐሥር ሰዓት ላይ የሚያገኙት የቆመ ስክሪን ነው። እርስዎ ግን ሲዞር አየሁ አሉ። እውነትዎን ነው፣ አይተዋል፤ ግን ከዘጠኝ ከሠላሳ አንድ በፊት። ዘበኛው በዋናው በር ሌላ ሰው ሲገባ አላየም፤ የኋላው በር ቁልፍ ደግሞ ያለው እርስዎ ጋ ብቻ ነው። በዚያ ገብተው በዚያ ወጡ፤ ዐሥር ሰዓት ላይ ዘበኛው እንዲያይዎ በዋናው በር ተመለሱ።»

ወንድምየው ወደ ስክሪኑ ዞረ።

«ስሜን መልስልኝ ነው ያልኩት። ጀርባውን ሰጠኝ፣ ገፋሁት። ደረጃው… ደረጃው ትዝ አላለኝም።»

ፖሊሶች ከወሰዱት በኋላ ልጅቷ መርማሪዋን አስፈቅዳ አንድ ቁልፍ ተጫነች። ጨረቃዋ ካቆመችበት ቀጠለች። እናትየዋ ደስታ ቢመጣልኝ ብላ ጠበቀች፤ አልመጣም፣ እንባም አልመጣም። ፌስታሉን ፈታች።

«እንኪ ሹራብሽን ልበሽ» አለች። «እዚህም ይበርዳል።»

ክቡ እስኪዘጋ ድረስ ጎን ለጎን ተቀመጡ።