ምዕራፍ ሰባት ይቀራል

ሰኞ ጠዋት የቀይ ጨው ትምህርት ቤት እንደ ልማዱ ከነተማሪዎቹ ተነሥቶ መንገድ ጀመረ። ከሥሩ ያለው መሬት ሲሞቅ ነበር ያደረው፤ ስለዚህ የብረት እግሮቹን ተራ በተራ እያነሣ፣ ደወሉን እያንቃጨለ ወደ ሰሜን ተራመደ። በአሞሌ ከተማ ይህ ወሬ አይደለም። ከተማይቱ የተሠራችው በአፋር ዝቅተኛ ሜዳ፣ ጨው ላይ ነው። መሬቱ በየጊዜው ይሰነጠቃል፣ ይተነፍሳል፣ ስለዚህ ክሊኒኩም ገበያውም ትምህርት ቤቱም እግር አለው። አሞሌ ውስጥ ያረፈደ ልጅ «ትምህርት ቤቱ ጥሎኝ ሄደ» ቢል ማንም አይቆጣውም፤ እውነቱን ነው።

አስያ ሁመድ ይህን ሁሉ ከወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት መስኮት ሆና ታያለች። የምትሠራው በሥርዓተ ትምህርትና ምዘና ክፍል ነው። ሥራዋ ሲነገር ቀላል ነው፦ ልጆች ምን እንደሚማሩ፣ መቼና በምን እንደሚመዘኑ ለመምህራን ማሳወቅ። ግን እግር ያለውን ትምህርት ቤት ማን አሳድዶ ይደርስበታል? ድሮ ሰርኩላር ይላክ ነበር አሉ። ሰርኩላሩ ሲደርስ ምዘናው አልፎ ልጆቹ ክፍል ተዛውረው ይቆዩት ነበር።

ነጋሪ የተፈለሰፈችው ለዚህ ነው። ነጋሪ ከጆሮ ጀርባ የምትለጠፍ፣ ሽንብራ የምታህል መሣሪያ ናት። ድምፅ የላትም። ከጽሕፈት ቤቱ የተላከውን ዓረፍተ ነገር መምህሩ ተኝቶ ሳለ አእምሮው ውስጥ እንደ ትዝታ ትተክለዋለች። መምህሩ ጠዋት ፊቱን ሲታጠብ «ለካ የሂሳብ ምዘና ወደ ረቡዕ ተዛውሯል» የሚል ነገር ትዝ ይለዋል። ማን እንደ ነገረው አያውቅም፤ የገዛ ራሱ ትዝታ ነው። በየሰኞው አስያ ጠረጴዛ ላይ ባለው ካርታ የትምህርት ቤቶቹ መብራት ሁሉ አረንጓዴ ይሆናል። አረንጓዴ ማለት መልእክቱ ነጋሪዋ ላይ «ደረሰ» ማለት ነው። አስያ ያን ካርታ ስታይ ደረቷ ይነፋ ነበር።

ቀይ ጨው በጽሕፈት ቤቱ በኩል ሲያልፍ የስምንተኛ ክፍል መምህሩ ዳኖ ከመሰላሉ ዘሎ ወረደ። የትምህርት ቤቱ አንደኛው እግር እየተንቋቋ አስቸግሯቸው ቅባት ሊለምን ነው።

«ምዕራፍ ሰባትስ እንዴት ነው?» አለችው አስያ ቅባቱን እያቀበለችው።

«ይቀራል።»

«እሱንማ አውቃለሁ። መቼ ልትጀምሩት ነው?»

«ምኑን?»

«ሰባትን ነዋ!»

«ይቀራል እያልኩሽ!»

«ስለሚቀር እኮ ነው መቼ ትጀምራላችሁ የምልህ!»

ዳኖ ሙቀቱ አናቷ ላይ የወጣ መሰለውና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አስዩ፣ የሚቀርን ነገር ማን ይጀምራል? ምዘናው ውስጥ የለም። ተሰርዟል። በደንብ ትዝ ይለኛል።»

አስያ የያዘችውን ጨርቅ አስቀመጠች። ቅዳሜ የተላከችው ዓረፍተ ነገር «ምዕራፍ ሰባት ይቀራል» የምትል ነበረች። ይቀራል፣ ገና አልተማሩትም፣ ይማሩት ለማለት። ይቀራል፣ ተትቷል፣ አትልፉበት ብሎ መስማትም ግን ይቻላል። አማርኛ እንደሆነ ባንድ ቃል ሁለት ሰው ማጣላት ያውቅበታል።

ነገሩ ቀልድ አልነበረም። የስምንተኛ ክፍል ምዘና ሐሙስ ነው፤ የቆላ ወረዳዎች ሁሉ በአንድ ቀን ስለሚመዘኑ ቀኑ አይገፋም። ምዕራፍ ሰባት «መሬትን ማዳመጥ» ይባላል። ልጆች ጆሯቸውን ወለል ላይ ለጥፈው፣ መሬት ሊሰነጠቅ ሲል የሚያሰማውን ድምፅ መለየት ይማሩበታል። ከምዘናው ግማሹ የሚወጣው ከዚያ ነው። ምዕራፉን ያልተማረ ልጅ በመምህሩ ጥፋት ሳይሆን፣ በራሱም ስንፍና ሳይሆን፣ በአንድ ግሥ ምክንያት ዓመቱን ሊደግም ነው። አስያ ወደ አለቃዋ ቢሮ ሮጠች።

ዓረፍተ ነገሯን የጻፉት የክፍሉ ኃላፊ ናቸው። ስማቸው አቶ ልሳነወርቅ ነው፤ ነገር ግን ወርቁን ይቆጥቡታል። ከሦስት ቃል በላይ መጻፍ የመምህራንን እንቅልፍ ማባከን ይመስላቸዋል።

«እኔ ያልኩት ገና ነው፣ ይማሩት ነው!» አሉ ሲሰሙ።

«ዳኖ የሰማው ተሰርዟል ነው።»

«እንዴት እንዲህ ይሰማል? ቆይ፣ አሁኑኑ አስተካክለዋለሁ።»

በአሞሌ የቀትር ሙቀት ስለማያስቆም ከተማው ሁሉ እኩለ ቀን ላይ ይተኛል። አቶ ልሳነወርቅ አስያን ሳያማክሩ፣ በዚያች የቀትር እንቅልፍ ማረሚያ ላኩ። ማረሚያዋ «ምዕራፍ ሰባት አልቀረም» የምትል ነበረች።

ከእንቅልፍ በኋላ አስያ ወደ ጥቂት ትምህርት ቤቶች ደወለች። «ተሰርዟል» ብለው የነበሩት እነ ዳኖ፣ «ለካ አልቀረም!» ብለው መጽሐፉን ገልጠዋል። «ገና ይቀረናል» ብለው ሊያስተምሩ የተዘጋጁት ደግሞ «ለካ የሚቀረን ነገር የለም» ብለው መጽሐፉን ዘግተዋል። ካርታው ላይ መብራቱ ሁሉ አረንጓዴ ነው።

«ኬሪያ፣ እባክሽ ስሚኝ፣ ሰባትን አስተምሪ» አለች አስያ በስልክ።

«አስዩ፣ እኔ እኮ ረስቼ አይደለም» አለች መምህርት ኬሪያ በትዕግሥት። «በደንብ አስታውሳለሁ። አንቺ ነሽ የተሳሳትሽው።»

የገዛ ትዝታውን ትቶ የስልክ ወሬ የሚያምን ሰው ከየት ይመጣል? ሦስተኛ ዓረፍተ ነገር መላክ ደግሞ ክልክል ነው። በአንድ ጉዳይ ላይ ትዝታ በትዝታ ላይ ሲደራረብ ሰው የልጁን ስም እስከ መርሳት ይደርሳል። አቶ ልሳነወርቅ ወንበራቸው ላይ ተዘርግተው ጣሪያ ጣሪያውን አዩ። «አለቀልን» አሉ።

አስያ ግን የአፋር ልጅ ናት። ጫማዋን አጥብቃ ወጣችና ቀይ ጨውን ተከትላ ሮጠች። ዳኖን ከመሰላሉ አውርዳ ጨው ላይ አስቀመጠችው።

«ዳጉ እንያያዝ» አለችው።

ዳጉ ማለት ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን የሚለዋወጡበት የአፋሮች ልማድ ነው። እንደ ዘፈቀደ ወሬ አይደለም። ተናጋሪው ያየውን አየሁ፣ የሰማውን ከእገሌ ሰማሁ ይላል። ሰሚው ዝም ብሎ አይነሣም፤ ይጠይቃል፣ እስኪገባው ያስደግማል። ዳጉ ያጣመመ ሰው ከዚያ በኋላ የሚሰማው የለም። ዳኖ የወላይታ ልጅ ነው፤ ነገር ግን አሞሌ ላይ አስተምሮ ዳጉ የማያውቅ መምህር የለም።

«አልቀረም ስትሉን ምን ማለታችሁ ነው?» አለ።

«ሰባት ምዘናው ውስጥ አለ። ልጆቹ ይማሩት።»

«ከማን ሰማሽ?»

«ከጻፉት ከራሳቸው፣ ከአቶ ልሳነወርቅ።»

«በቃ፣ ገባኝ፤ ላገኘሁት ሁሉ አደርሳለሁ» አለና ተነሣ።

ማክሰኞ ዕለት አሞሌ አይታ የማታውቀውን አየች። ትምህርት ቤቶች ሜዳው ላይ በተላለፉ ቁጥር ይቆሙ ጀመር። መምህራን በመሰላል ይወርዳሉ፣ ጨው ላይ ይቀመጣሉ፣ ይጠያየቃሉ፣ እንደገና ወጥተው በየአቅጣጫው ይሄዳሉ። በስልክ እምቢ ያለችው ኬሪያ ከዳኖ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጣ እስኪበቃት ተከራከረች። መጨረሻ ላይ «የኔውን ማን እንደ ነገረኝ አላውቅም፤ ያንተን ግን አንተ ነገርከኝ» ብላ ተነሣች፤ ወሬውን ለሌሎች ያደረሰች እሷው ሆነች። እንዲህ ያለ መምህር ያላት ወረዳ ብትኮራ አይበዛባትም።

አስያ ለራሷ ሩቁን ያዘች። ከሜዳው ጥግ፣ ከሁሉ የራቀ፣ ከማንም ጋር የማይተላለፍ አንድ ትምህርት ቤት አለ። መምህሩ ያዮ የሚባሉ አዛውንት ናቸው። በጨው መኪና ተሳፍራ ረቡዕ ረፋድ ላይ ስትደርስ ልቧ ፈርቶ ነበር፤ ባንድ ቀን ምን ያህል ይማራል? መሰላሉን ወጥታ በሩን ስትከፍት ግን ተማሪዎቹ በሙሉ ወለል ላይ በደረታቸው ተኝተው፣ ጆሯቸውን ለጥፈው አገኘቻቸው።

«እሽ!» አሏት መምህር ያዮ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው። «እየሰሙ ነው።»

አስያ ወደ ጆሯቸው ጠጋ አለች። «ዳጉ ደረሰዎት ማለት ነው?»

«የምን ዳጉ? እዚህ ጥግ ማን ይመጣል!»

«ታዲያ ሰባትን አስተምሩ ያለዎት ማን ነው?»

«ማንም። እንዲያውም ትዝ የሚለኝ ተሰርዟል የሚል ነው። ሰኞ ጠዋት ለነዚህ እንዲያ ስላቸው ያቺ ቀጭኗ፣ ሐሊማ፣ ‹ማን ነገረዎት?› አለችኝ። አእምሮዬን ፈተሽኩት። ወሬው አለ፣ ነጋሪው ሰው የለም።» ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «አፋር ሆኜ፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ ከማን እንደ ሰማሁ የማላውቀውን ነገር ልጆች ፊት ልናገር? አፈርኩ። ባለቤት የሌለው ወሬ ነው አልኩና መጽሐፉን ገለጥኩ። ነጋሪዋንም ያን ጊዜ ከጆሮዬ አንሥቼ ኪሴ ከተትኳት።»

የአስያ ዓይን እንባ አቅርሮ ነበር፤ የኩራት እንባ ነው፣ አልደበቀችውም። ጫማዋን አወለቀችና ከልጆቹ ጎን ተኝታ ጆሮዋን ወለሉ ላይ አደረገች። ከታች፣ ከሩቅ፣ መሬት ታጉረመርም ነበር።

ሐሙስ የአሞሌ ልጆች ተመዘኑ። ውጤቱ ሲመጣ ወረዳዋ ከቆላ ወረዳዎች ሁሉ ቀደመች። ከበላይ ጽሕፈት ቤት የመጡ እንግዶች ካርታውን አይተው፣ «አረንጓዴ በአረንጓዴ!» ብለው ነጋሪን አመሰገኑ። አስያ አመስግነው እስኪጨርሱ ጠበቀችና አንድ ነገር ብቻ ለመነች፤ ነጋሪ የምትተክለውን ነገር ለመቀየር። እንግዶቹ ግራ ቢገባቸውም ፈቀዱ።

በሚቀጥለው ሰኞ የአሞሌ መምህራን ሁሉ አንድ ነገር ተሰምቷቸው ነቁ። ትዝታ አልነበረም። የሆነ ነገር የረሱ፣ የሆነ ሰው መጠየቅ ያለባቸው ዓይነት ስሜት ነበር፤ ሌላ ምንም አልተተከለላቸውም። ሰው የሚያውቀውን ይዞ ቤቱ ይቀመጣል፤ ሊጠይቅ የሚወጣው የረሳ ሲመስለው ነው። ካርታው ላይ መብራቶቹ እርስ በርስ መጠጋጋት ጀመሩ። አንዳንዶቹ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ይመጡ ነበር።

አቶ ልሳነወርቅ መስኮቱ ጋ ቆመው፣ መምህራኑ ጨው ላይ ክብ ሠርተው ሲቀመጡ አዩ። ቅር ያላቸው ይመስላሉ፣ ደስ ያላቸውም ይመስላሉ።

«ሰው እንዲህ ከተነጋገረማ» አሉ፣ «እንግዲህ ነጋሪ ይቀራል በይኛ።»

አስያ ዞር ብላ አየቻቸው። «የትኛውን ይቀራል ማለትዎ ነው፣ አቶ ልሳነወርቅ?»

አቶ ልሳነወርቅ ከልባቸው ሣቁና ወንበር ስበው ከፊቷ ተቀመጡ።

«ጥሩ ጠየቅሽ» አሉ። «ቁጭ በይ፣ ልንገርሽ።»