አሥራ ሰባተኛው ትንፋሽ

ጠዋት አንድ ሰዓት ሲሆን የታችኛው ዳሎል ነዋሪዎች ምንጣፋቸውን ይዘው ወደ ትልቁ አዳራሽ ይገባሉ። እግራቸውን አጣጥፈው፣ ጀርባቸውን አቅንተው፣ መዳፋቸውን ጉልበታቸው ላይ አኑረው ይቀመጣሉ። ከዚያ ግድግዳው መተንፈስ ይጀምራል፤ እነሱም አብረውት ይተነፍሳሉ።

ለነሱ ይህ ፊት እንደ መታጠብ ያለ ነገር ነው። ከተማዋ ከጨው ሜዳው በታች ሦስት መቶ ሜትር ጠልቃ የተሠራች ስለሆነች አየሩን ሳንባ ብቻውን አይችለውም። ስለዚህ እያንዳንዱ ሰው ደረቱ ላይ መዳፍ የሚያክል አጋዥ ለጥፏል። አጋዥ ማለት ሳንባ ሲደክም የሚስብለትና የሚገፋለት መሣሪያ ነው። መሣሪያው ግን ከጠዋቱ ልምምድ ካልተማረ ሌሊቱን እንዴት እንደሚተነፍስ አያውቅም። የሚማረውም ከግድግዳው ከሚሰማው መሪ ትንፋሽ ነው፤ ይኸውም ከሃያ ሦስት ዓመት በፊት ከአንዲት የዮጋ አስተማሪ የተቀዳ አርባ ረጅም ትንፋሽ ነው። በየትንፋሹ መጨረሻ ሁሉም አፋቸውን ገጥመው «እምምም» እያሉ ያዜማሉ። ዜማው የደረትን አቧራ ያራግፋል ይባላል። ሐዘንንም ያራግፋል የሚሉ አሉ።

የሻረግ አጋዦችን የምትጠግን ባለሙያ ናት። በዚያ ጠዋት ዓይኗን አልጨፈነችም። የአምስት ዓመት ልጇን የምንታምርን ደረት እያየች ትቆጥር ነበር። አሥራ አምስት። አሥራ ስድስት። አሥራ ሰባተኛው ላይ ግድግዳው እንደ ወትሮው በድንገት አየር ወደ ውስጥ ሳብ አደረገ። አራት መቶ ሰው አብሮት ሳበ። የምንታምር ደረት ዘለለ፤ ከንፈሯም ጠቆረ።

አዋቂዎች ይህችን አጭር ትንፋሽ የልምምዱ ክፍል አድርገው ለምደዋታል። ለትንንሽ ልጆች በቅርቡ የመጣው አዲሱ አጋዥ ግን የተማራትን ሌሊቱን ሙሉ ይደጋግማታል። ልጅቷ በተኛች ቁጥር ደረቷ ይነጠቃል። አጋዡ ቢነሳላት ደግሞ አንድ ሰዓት አትቆይም። ሐኪሙ ትናንት ሳይሸፋፍን ነግሯት ነበር፦ «ልቧ ደክሟል። ስንት ሌሊት እንደሚችል አላውቅም።»

ልምምዱ ሲያልቅ ምንታምር የእናቷን ቀሚስ ሳበች። «እማዬ፣ ዛሬም ዓይንሽን አልጨፈንሽም። አይቼሻለሁ።»

«አንቺስ ካልገለጥሽ በምን አየሽኝ?»

ልጅቷ ሳቀች። ሳቋ ግን መሀል ላይ ትንፋሽ አጠረውና ተቋረጠ።

የሻረግ ቢሮ ስትገባ አለቃዋ ሀንፍሬ የመሪውን ትንፋሽ ግራፍ በሰሌዳው ላይ እያየ ነበር።

«ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ከተማው ስቅ ሲለው ኖሯል ነው የምትዪኝ?» አላት። «ማን እያነሳን ይሆን እባክሽ!»

«አትቀልድ ሀንፍሬ። ስቅታ አይደለም። እየው፣ ከትንፋሿ በፊት ሁለት ሰከንድ ባዶ ነው። ያኔ ቀረጻውን ያጸዳው መሣሪያ ጫጫታ መስሎት የሆነ ድምፅ ጠርጎ አውጥቷል።»

ሀንፍሬ ፊቷን ሲያይ ቀልዱን ተወው። «ታዲያ ቁረጪዋ። የልጅሽ ነገር ነው፣ ማንን ትጠይቂያለሽ?»

«ከየት እንደመጣች ሳላውቅ ብቆርጥ ሌላ አበላሻለሁ። አስተማሪዋ በሕይወት አሉ። ልሂድና ልጠይቃቸው።»

እትዬ ውባለም ስምንተኛው መተላለፊያ ውስጥ ብቻቸውን ይኖራሉ። ሰባ ሊሞላቸው ትንሽ ቢቀራቸውም አሁንም በየቀኑ ግድግዳ ተደግፈው ወገባቸውን ያፍታታሉ።

«አንቺ ልጅ፣ እንዲህ እያለከለክሽ ነው የሰው ትንፋሽ የምትጠግኚ?» አሉ በሩን እንደከፈቱ። «ተቀመጪ፤ መጀመሪያ የያዝሽውን አስወጪው።»

«ጊዜ የለኝም እትዬ። ስለ አሥራ ሰባተኛው ትንፋሽ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት።»

አሮጊቷ ቀስ ብለው አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«እሱ ማንያዘዋል ነው» አሉ። «ልጄ። ያን ቀን ሲቀዱኝ ትንፍሽ እንዳልል አስጠንቅቀውኝ ነበር። እሱን በር ላይ ጠብቀኝ ብዬው ነው የገባሁት። ሰባት ዓመቱ ነው፣ ጨለማ ይፈራል። ቆየሁበት መሰለኝ፣ ‹እማ፣ አለሽ?› አለኝ። እንዳልናገር ቀረጻው ይበላሻል። ዝም እንዳልለው ይፈራል። እና እንዲህ አልኩት።»

አየር ወደ ውስጥ ሳብ አደረጉ። ሰው ሁሉ በየቤቱ አዎ ሲል የሚስባት ያቺው አጭር ትንፋሽ ናት።

የሻረግ አፏን በእጇ ያዘች። እሷ ራሷ በቀን ስንት ጊዜ እንዲህ ብላ አዎ ትላለች። አዳራሽ ውስጥ ግን መልስ መሆኗን ጠርጥራ አታውቅም፤ ጥያቄው አብሮ አልነበረማ።

«በዚያው ዓመት አንድ ዋሻ ውስጥ ጋዝ ገደለው» አሉ እትዬ ውባለም። «ድምፁ የቀረበት ነገር የለኝም። ግን በየጠዋቱ አራት መቶ ሰው ከኔ ጋር ሆኖ አለሁልህ ይለዋል።»

የሻረግ ስለ ምንታምር ነገረቻቸው። ስለ ከንፈሯ፣ ስለ ሌሊቱ፣ ሐኪሙ ስላለው።

«አትነኪውም» አሉ አሮጊቷ።

«እትዬ፣ ልጄ እኮ...»

«አትነኪውም አልኩሽ!»

 ከደረታቸው ላይ የአጋዦቹ ድምፅ ብቻ ይሰማ ነበር። ቆይተው እትዬ ውባለም ወለሉን እያዩ፣ «ተኝታ ሳለች ነው የሚይዛት?» ብለው ጠየቁ።

«ተኝታ ሳለች ነው።»

«እንግዲያው አንድ ጠዋት ብቻ ስጪኝ። ነገን ልመልስለትና ከዚያ ቁረጪው።»

የሻረግ እሺ ልትል ነበር፤ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። ግን የነገ ጠዋት ማለት የነገ ሌሊት ማለት ነው። የዛሬውን ሌሊት እንኳ ልጇ እንዴት እንደምታሳልፈው አታውቅም።

«አልችልም» አለች እንባዋ እየወረደ። «ቀድቼ በትንሽ ማጫወቻ አመጣልዎታለሁ። እዚሁ ቁጭ ብለው ይሰሙታል።»

«መስማት መቼ ፈለግሁ? መመለስ ነው እንጂ። ክፍሌን ዘግቼ ለሞተ ልጅ ብመልስ አበደች ነው የምባለው። ከሕዝብ ጋር ሲሆን ልምምድ ነው።»

ሊሸኟት አልተነሱም።

ከሰዓት በኋላ ቆረጠችው። ሥራው አራት ደቂቃ አልፈጀም። በቦታው አንድ ለስላሳ ትንፋሽ ተካች፤ ግራፉም እንደ ተላገ እንጨት ተስተካከለ። ሀንፍሬ ጀርባዋን መታ መታ አደረጋት። ሌሊቱን ምንታምርን ደረቷ ላይ አስደግፋ አነጋች።

በማግስቱ እትዬ ውባለም ይቀራሉ ብላ ነበር። መጡ። ምንጣፋቸውን ከየሻረግ ጎን ዘረጉ፤ ሰላም ግን አላሏትም። ግድግዳው መተንፈስ ጀመረ። የሻረግ የልጇን ደረት እያየች ቆጠረች። አሥራ ስድስት። አሥራ ሰባት። ትንሿ ደረት በቀስታ ተነሳች፣ በቀስታ ወረደች። አሥራ ስምንት። ከንፈሯ እንደቀላ ነው። የሻረግ በልቧ ተመስገን አለች፤ ወዲያው ግን ደስታዋ አሳፈራትና ወደ ጎን ዞር አለች።

አሮጊቷ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጆሯቸውን ወደ ግድግዳው አዘንብለው፣ ይጠብቁ ነበር። ሃያኛው አለፈ። ሃያ አንደኛው አለፈ። ሃያ ሦስት ዓመት ቆጥረው ስለማያውቁ አሥራ ሰባተኛው ማለፉን እንዳላወቁ የሻረግ ገባት፤ ያቺ አጭር ትንፋሽ ራሷ ነበረች የምትነግራቸው።

በልምምድ ላይ መናገር ክልክል ነው። እትዬ ውባለም ግን ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ በሹክሹክታ፣ «አለፈ?» አሉ።

የሻረግ መናገር አልቻለችም። ዝም ማለትም አልቻለችም። አየር ወደ ውስጥ ሳብ አደረገች።

የሁሉንም ትንፋሽ በሚከታተለው የአዳራሹ ሰሌዳ ላይ፣ በየሻረግ ቦታ ቁጥር፣ ቀይ ጽሑፍ በራ፦ መቀመጫ ዘጠና አንድ፣ የትንፋሽ ስህተት። የከተማው መሣሪያ ያኔ ልጅ እናቱን ሲጠራ ጫጫታ ነው ብሎ ጠረገው፤ አሁን ደግሞ ሰው ለሰው ሲመልስ ስህተት ነው አለ። ቀዩን ጽሑፍ በጣቷ ነክታ ማጥፋት የየሻረግ ሥራ ነበር። እጇን ግን አሮጊቷ ይዘውት ነበር።